ካሜራ ፊት ያረረ ሽንኩርት

ልጅ ሳለሁ፣ ላምበረት ገና የከተማው ጠርዝ በነበረበት ዘመን፣ አክስቴ ዶሮ ወጥ የምትሠራው በሰዓት ሳይሆን በተረት ነበር። ያኔ ሰዓት አልነበረንም፤ ቢኖረንም ከጭሱ ብዛት የሚያየው አይገኝም። ድስቱን ፍም ላይ ጥዳ፣ ማማሰያውን እኔን አስይዛ፣ በኩራዝ ብርሃን ጋቢ ለብሶ ልጃገረድ ሊያጭ ስለመጣ ጅብ ታወራለች። ጅቡ በር ሲያንኳኳ በርበሬው ይገባል፤ ከጋቢው ሥር ጅራቱ ብቅ ሲል ቅቤው። ተረቱ ሲያልቅ የወጡ ሽታ እስከ ቦሌ ያለውን ሰው ሁሉ ምራቅ ያስውጠው ነበር፤ ቅንጣት አልጨመርኩም።

ዘንድሮ ፊልም የምትማረው የልጅ ልጄ ማህሌት ስለ ቤተሰብ ምግብ ዘጋቢ ፊልም ሠርተሽ ሰኞ አስረክቢ ተባለች። ያንን ወጥ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ በሕይወት የለም። ቅዳሜ ለሚ ኩራ ባለችው ኮንዶሚኒየማችን፣ ሦስተኛ ሰው እጁን ብቻ በሚያስገባባት ኩሽና፣ ካሜራዋን ተከለች።

ሽንኩርቱን ጥጄ እያማሰልኩ ተረቱን ጀመርኩ። ጅቡ ጋቢውን ሲያጣፋ «ካት! ፊትዎ ጨልሟል፤ ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ» አለች። እኔ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ሽንኩርቱ ግን ካለበት ቀጠለ። ጅቡ በር ሳይደርስ አረረ። ሌላ ከተፍን። «ካት! የጎረቤት ቴሌቪዥን ድምፅ ገባብኝ።» አረረ። በአራተኛው ጭስ ቦሌ ሊያርፍ የነበረ አውሮፕላን ዞሮ ሄደ ብል ማን ያምነኛል?

«አባባ፣ ተረቱን ይተዉትና ደቂቃውን ይንገሩኝ! በርበሬው በስንት ደቂቃ ይገባል?»

«ጅቡ ሲያንኳኳ ነዋ!»

«በሞቴ! ‹ጅቡ ሲያንኳኳ› ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፊ!»

ሽንኩርቱ አለቀ። እሑድ ማታ ሶፋ ላይ አስቀምጣኝ፣ «እሺ፣ ተረቱን ብቻ እስከ መጨረሻው ይንገሩኝ፤ ደቂቃውን እኔ እለካዋለሁ» አለች፣ ድምፅዋን አለስልሳ። ጀመርኩ። ጅቡ አንኳኳ። ከዚያስ? የሚያስነጥስ በርበሬ የለ፣ የሚንተከተክ ድስት የለ፤ ቀኝ እጄ ጉልበቴ ላይ በባዶ ያማስላል፣ ቃሉ ግን አልመጣ አለ። ያን ሁሉ ዘመን አውቀዋለሁ ብዬ የምፎክርበትን ተረት ለካ ያቆየልኝ ድስቱ ኖሯል።

«ግድ የለም አባባ» አለችና የካሜራዋን ማቆሚያ አጣጠፈች።

ሰኞ ያስረከበችው እናቷ ፓስታ ስትቀቅል የቀረጸችውን ነው፤ ደቂቃው ፓኬቱ ላይ ተጽፏል። ጥሩ ውጤት አገኘችበት አሉ። እኔ ግን ከአክስቴ ቤት ያመጣሁትን ሁሉ የረሳሁ ቀን እንኳ ያቺ «ግድ የለም» የምትለቀኝ አይመስለኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።