የሼሁ ጫማ

የልጅ ልጄ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል። አፍንጫው ወደ ቤት እንደዞረ የቀረ ጫማ ባየሁ ቁጥር፣ ልደታ የነበረው የልጅነት ቤታችን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

አባባ የሼሁ ሙሪድ፣ የቅርብ ደቀ መዝሙራቸው ነበር፤ ሳያማክራቸው አንድ ነገር አያደርግም። ሐሙስ ሐሙስ ለዚክር ጸሎት እኛ ቤት ሲመጡ ጫማቸውን በሞራ ይወለውልና፣ ሲወጡ እንዲመቻቸው አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ ያስቀምጥላቸዋል። ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም።

አንድ ሐሙስ የጣልያን ወታደሮች መጡና፣ ሰው ይሰበስባሉ ብለው ሼሁን ከዚክሩ መሀል አስነስተው ወሰዷቸው። አባባ ጫማውን ሊያቀርብላቸው ጎንበስ ሲል በሰደፍ ገፉት።

"ተወው ልጄ፣ አንተ ዘንድ ይቆይ" አሉት ሼሁ። በባዶ እግራቸው ጭቃውን እየረገጡ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያም አባባ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጫማውን ወልውሎ በሩ ላይ ያኖረዋል፤ ያው ወደ ውጭ አዙሮ። እኔ ተናደድኩ። ሼሁን ያስወጣቸው ይኸው አቀማመጥ መሰለኝ። አንድ ቀን ተደብቄ አፍንጫውን ወደ ቤት አዞርኩት።

አባባ አየው። ሊያስተካክለው የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ። ሊመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ለካ እኔ ስሸኛቸው ነው የከረምኩት" አለ፤ ድምፁ ተሰብሮ።

ሼሁ አልተመለሱም። አባባም እስኪሞት ድረስ ያን ጫማ መልሶ አላዞረውም።

"እማማ፣ ጫማዬ መንገድ ዘጋብሽ፣ ላንሳው?" ይለኛል የልጅ ልጄ።

"ተወው" እለዋለሁ፤ "የገባ ሰው ጫማ ነው።"