የእጅጌው ካርቶን

የመሥሪያ ቤታችን ትክክለኛ ስብሰባ የሚካሄደው ሰርቪስ ውስጥ ነበር። ሰኞ ጠዋት አዳራሽ የምንሰበሰበው ለወጉ ያህል ነው። የድሮው ሥራ አስኪያጅ «ችግር አለ?» ሲል ሁላችንም «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን፤ እሱም አመስግኖን ይወጣል። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግን አውቶቡሱ ገና የግቢውን በር ሳያልፍ የቀኑ ጉድ ሁሉ ይዘረገፋል። የትኛው ማሽን ክር እንደሚበጥስ፣ የትኛው ኃላፊ ማንን እንዳመናጨቀ፣ የትኛው ጨርቅ ሲታጠብ ቀለም እንደሚለቅ፣ ከለቡ ተነስተን ጀሞ እስክንደርስ ሳይነሳ የሚቀር ነገር የለም። ብስራተ ገብርኤል ድረስ የምንሄደው ጥቂቶች ደግሞ የተረፈውን እንለቃቅማለን።

ፋብሪካችን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋል፤ እኔ ቆራጭ ነኝ። ጨርቁ ተነባብሮ ሲዘረጋ የእጅጌውንና የደረቱን ልክ የያዙትን ካርቶኖች ላዩ ላይ አስቀምጬ በጠመኔ የማሰምረው፣ ከዚያም በካርቶኑ ጠርዝ ቢላውን የምነዳው እኔ ነኝ። ቁጡ ነኝ፤ ይህን እኔም አውቀዋለሁ። ካርቶኖቼን ሰው ሲነካብኝ አልወድም። ሰርቪስ ውስጥም ከሹፌሩ ጀርባ ሦስተኛው ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል ያለው፣ የእኔ ነው። የትም አልተጻፈም፤ ግን ማንም አይቀመጥበትም።

አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ተቀመጠችበት።

በመጀመሪያው ሰኞ እሷም «ችግር አለ?» ብላ ጠይቃ እንደ ልማዳችን «የለም» ብለናት ነበር። ፈገግ ብላ ወጣች። በሳምንቱ መኪናዋን ትታ ከእኛ ጋር ሰርቪስ ስትጠብቅ አየናት። ስገባ ቦታዬ ላይ አገኘኋት።

«ይቅርታ፣ ቦታው ሰው አለው» አልኳት።

«የማን ነው?»

«የእኔ።»

እሷ ወዲያው ተነስታ «አላወቅኩም እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ። ግማሹ ሰው ቦታ ሊለቅላት ብድግ ቢልም ሁሉንም እያመሰገነች አልፋ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ጎማው የሚያንገጫግጭበት ቦታ ተቀመጠች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። በዚያ ቀን ግን «ወይ አስመሳይ!» ነው ያልኩት በሆዴ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰርቪሱ ውስጥ የሚወራው ስለ ዝናብና ስለ ኳስ ብቻ ሆነ። ስብሰባችንን ነጥቃናለችና ተናደድኩባት። መቼ መጠየቅ፣ መቼ ማውጣጣት ትጀምር ይሆን እያልኩ እጠብቅ ነበር። አልጠየቀችም። አንድ ቀን ጀሞ አካባቢ መንገዱ ተዘግቶ ቆመን ሳለ ከኋላ ድምጿ ተሰማ።

«ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ልንገራችሁ? ለወንዶች ትምህርት ቤት ጉርድ ቀሚስ ላክሁ።»

ወረቀቱን ሳታነብ ፈርማ ነው። ይቅርታ ልትጠይቅ ራሷ ሄዳ ርዕሰ መምህሩ አንዷን ጉርድ በሁለት እጁ ዘርግቶ ሲጠብቃት እንዴት እንደነበር እየተነሳች አሳየችን። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ላለመሳቅ ብዙ ታገልኩ፤ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ የሰኞውን ስብሰባ ሁልጊዜ በራሷ ስህተት ትከፍተው ጀመር። እኛን ለማባበል አይደለም፣ ልክ እንደ ሥራ ነገር አድርጋ ነው የምታወራው። መጀመሪያ ጫማ ጫማችንን ነበር የምናየው። ቀስ በቀስ ግን ካውያ ተኳሿ ራሷ ስላቃጠለችው ኮሌታ፣ የመጋዘኑም ሰው ተሳስቶ ስላወጣው ጨርቅ መናገር ጀመሩ። ማንም አልተቆጣቸውም፤ ይልቅ የሚስተካከልበት መላ ይፈለግ ነበር። ስንት ዘመን አፋችንን ለጉሞ የኖረውን ፍርሃት ይህቺ ልጅ በአንድ ጉርድ ቀሚስ ፈታችው ብዬ ለራሴ ተደነቅሁ። እኔ ግን ምንም አልተናገርኩም። የምናገረው ስህተት ያለኝ አልመሰለኝም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የላክነው ሸሚዝ ትከሻው ላይ ተሸብሽቧል ተብሎ ተመለሰ። የዚያን ሸሚዝ እጅጌ የገጠመችው ደግሞ አንዲት አዲስ ሰፊ ነበረች። ጀሞ አንዲት ክፍል ተከራይታ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ የሙከራ ጊዜዋ በዚያው ሳምንት የሚያልቅ ሴት። እኛ ቤት ጥፋት ከላይ ወደ ታች እየወረደ አዲስ ሰው ላይ ሲደርስ ይቆማል። የስፌት ኃላፊው ቅዳሜ ዕለት «ሰኞ ስብሰባው ላይ ይወሰናል» አላት። ምን እንደሚወሰን ሁላችንም ገብቶናል።

በዚያ ቅዳሜ ሥራ አስኪያጇ ሰርቪስ ውስጥ አልነበረችም። ዝናቡ በመስኮቴ ገብቶ ወንበሬን አርሶት ስለነበር ወደ ኋላ ሄድኩ። አዲሷ ሰፊ ከተመለሱት ሸሚዞች አንዱን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ አንዲት ነባር ሰፊ ጎንበስ ብላ «እኛ እኮ ሲገጠም ሳብ እናደርገዋለን፣ ካልሳብሽው…» እያለቻት ነበር። ቀና ብላ አየችኝና አቋረጠች። የኋላው ወንበር በሙሉ ዝም አለ። አንዷ «ዝናቡ ጠነከረ አይደል፣ እትዬ?» አለችኝ።

ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። የድሮው ሥራ አስኪያጅ በአጠገባችን ሲያልፍ ዝም የምንለው ዓይነት ነው። ሰርቪስ ውስጥ የማይነገር ነገር የለም እያልኩ ስኮራ የኖርኩት እኔ፣ እኔ ራሴ የማይነገረው ነገር ነበርኩ። አመመኝ። እሑድን በንዴት ዋልኩ፤ ምን አድርጌያቸው ነው እያልኩ። ወደ ማምሻው ንዴቱ ሲበርድ ግን አንዲት ቃል ብቻ ቀረችኝ። «ካልሳብሽው።» ምኑን ነው የሚስቡት?

ሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁና የእጅጌውን ካርቶን አውርጄ በሜትር ለካሁት። ጠርዙን ለዓመታት ቢላዬ ሲበላው ኖሮ አናቱ የጣት ስፋት ያህል ጎድሏል። እጅጌው ከሚገጠምበት ቀዳዳ ያንሳል ማለት ነው። ነባሮቹ እየሳቡ፣ እያባበሉ ሲያደርሱት ኖረዋል። ለአዲሷ ግን አልነገሯትም፤ ለእሷ መንገር ለእኔ መንገር ስለሚሆንባቸው። እሷ የሰፋችው እኔ የሰጠኋትን ነው።

አዲስ ካርቶን ቆርጬ አሮጌውን ብጥለው ማንም ትንፍሽ እንደማይል አውቃለሁ። አሰብኩት፣ አልዋሽም። ካርቶኑን በእጄ እንደያዝኩ የዚያች ሴት ልጅ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንኳን ጠይቄያት እንደማላውቅ ትዝ አለኝ።

ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጇ እንደ ልማዷ የራሷን ስህተት ተናገረች። ቀጥሎ የስፌት ኃላፊው ተነስቶ «የተመለሰው ሸሚዝ የአዲሷ ሠራተኛ…» ብሎ ጀመረ።

«የእኔ ነው» አልኩ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የለካሁትንም፣ ነባሮቹ እየሳቡ ሲገጥሙት መኖራቸውንም ተናገርኩ።

ሥራ አስኪያጇ አላወደሰችኝም፣ አልወቀሰችኝምም። ካርቶኑን አንስታ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችና ወደ ነባሮቹ ሰፊዎች ዞረች።

«መሳብ ከጀመራችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

«ከካቻምና ጀምሮ» አለች አንዷ።

«ለምን አልተናገራችሁም?»

ያቺው ቅዳሜ ሰርቪስ ውስጥ ጎንበስ ብላ የነበረችው «እሳቸውን እንዴት ብለን?» አለች።

ከስህተቱ ይልቅ ያቺ ቃል ናት የገደለችኝ።

«እንግዲያው የተሰጣትን በትክክል የሰፋችው እሷ ብቻ ናት» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ በዚያው ለስላሳ ድምጿ። የሙከራ ጊዜው ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሳም፤ ሴትዮዋም በሥራዋ ቀጠለች። አዲሱን ካርቶን ግን ሁለታችን አብረን እንድንሠራው ታዘዝን፤ እኔ ስቆርጥ እሷ እንድትለካ። ሰው አጠገቤ ሜትር ይዞ ሲቆም የመጀመሪያው ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ዛሬ ድረስ ያቺን ሥራ አስኪያጅ የማደንቃት ለዚህ ነው፤ አንድ ሰው ከማባረርና ሌላውን ከማዋረድ የሚከብደውን መንገድ አግኝታለች።

በሳምንቱ ሰርቪስ ስገባ ወንበሬ ደርቆ ባዶውን ይጠብቀኛል። አልፌው ወደ ኋላ ሄድኩ። ጎማው ላይ ካለው ወንበር ሥራ አስኪያጇ ጠጋ አለችልኝ፤ በሌላው ጎኔ አዲሷ ሰፊ ነበረች። ሰዉ እንደ ድሮው ያወራል። ጀሞ ልንደርስ ስንል ሴትዮዋ ልብሷን እያስተካከለች ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እትዬ፣ እንዳይቆጡኝ። የዛሬው ኮሌታ በግራ በኩል ትንሽ ይረዝማል።»

ተቆጥቼ ነበር፣ ስድቡ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

«በስንት?» አልኳት።

በሁለት ጣቷ መሃል አሳየችኝ። በማግስቱ ለካሁት፤ ልክ እሷ ያለችውን ያህል ነበር።