እህቴ ክር ያጠበቀች ጊዜ

ዛሬ ጠዋት እናቴ ሹራቧን አጥባ ግቢ ውስጥ ሽቦ ላይ አስጥታዋለች። የራሰ ሱፍ ሽታ ታውቃላችሁ አይደል? በግና ሳሙና አንድ ላይ። ደሴ ፀሐይ ብትወጣም ለአፍታ ናት፣ ጉሙ መልሶ ይውጣታል፤ ስለዚህ አሁንም አሁንም እየተነሳሁ አገላብጠዋለሁ። ለነገሩ ፀሐይ ባትኖርም ከመነሳት አልመለስም። አላህ ሲፈጥረኝ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልሰጠኝም።

ሹራቡ አጭር ነው፣ ወገብ አይደርስም። ፊት ለፊቱ ክፍት ሆኖ ትከሻና ክንድ ብቻ ይሸፍናል፤ ከኋላው ኮፍያ አለው። በኪሮሽ የተሠራ፣ ቡናማና ቢጫ፣ ከዳር እስከ ዳር ዚግዛግ። ቅድም ጎረቤታችን ቆም ብላ አየችውና "ይሄ ነገር ግራና ቀኙ ምነው ተለያየ? እጥበት ነው?" አለችኝ። እጥበት አይደለም። ግራው ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። ቀኙ ግን እጅጌው ላይ ለስለስ፣ ሰፋ ብሎ ይጀምርና ወደ ትከሻው ሲጠጋ ክችም ይላል። እናቴ ሰኞ ገበያ ሰፈር በርበሬ ስትሰፍር ክንዷን ይይዛታል። ተርትረን እንደገና እንሥራልሽ ብለን ለምነናታል። "የምለብሰው እኔ፣ የሚጨንቃችሁ እናንተ! ንኩትና ታዩኛላችሁ" ነው መልሷ።

ቀኙን ጎን የሠራችው ታላቅ እህቴ ናት። ግራው የኔ ነው።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ እህቴ ኮምቦልቻ ከተዳረች ዓመት አልሞላትም። እንግዲህ ደሴና ኮምቦልቻ ምን አላቸው? የሐረጎን ተራራ ዞር ዞር ብሎ መውረድ ነው፣ ብርድ ላይ ተሳፍሮ ሙቀት ላይ መውረድ። ግን እሷ ስትሄድ ቤቱ ጭው አለብኝ። እኔን ማረጋጋት የምትችል እሷ ብቻ ነበረች። ስቁነጠነጥ ጉልበቴን በእጇ ጫን አድርጋ "አብሽሪ፣ የትም አይሄድብሽም" ትለኝ ነበር። ምኑ እንደማይሄድብኝ ጠይቄያት አላውቅም፣ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ሹራቡን ያሰበችው እሷ ናት፣ ለእናታችን የአረፋ ዒድ ስጦታ ብላ። እናታችን በጠዋት ጉም ውስጥ ተቀምጣ ነው የምትነግደው፤ ጋቢ ከደረበች እጇ አይፈታላትም፣ ካልደረበች ትንቀጠቀጣለች። ስለዚህ ክንድ የሚያሞቅ፣ ደረት የማይይዝ፣ ኮፍያው ሻሿ ላይ የሚደረብ ነገር ያስፈልጋታል። እህቴ ስልኳ ላይ ቪዲዮ አይታ ተማረችውና ለኔም አሳየችኝ። ዚግዛጉ ከባድ አይደለም፤ ሽቅብ ስትወጡ ጫፉ ላይ በአንድ ቀዳዳ ሦስት ትሠራላችሁ፣ ቁልቁል ስትወርዱ ጎድጓዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ ትዘላላችሁ። መዝለሉን ከረሳችሁ ሥራው እየሰፋ ይሄድና ዣንጥላ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ላይ ዣንጥላ ሠርቻለሁ። ቡናማውን ክር ከአባቴ አሮጌ ሹራብ ተርትረን አወጣነው፣ ቢጫውን ከሱቅ ገዛን፤ ግራው ለኔ፣ ቀኙ ለሷ ሆነ።

አባቴ የደሴና የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ አመላላሹ እሱ ሆነ። የሠራነውን በፌስታል ጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ ያስቀምጥና የኔን ለሷ፣ የሷን ለኔ ያደርሳል፣ አንዱን ባንዱ ላይ እንድንለካው። "እኔ የምጭነው ሰው ነው ወይስ እጅጌ?" እያለ ይስቃል። ለእናቴ ትንፍሽ አላለም።

እጃችን አይመሳሰልም። እኔ ስቸኩል ክሩን አንቀዋለሁ፤ ሥራዬ ደረቅና ጠባብ ነው። እሷ ክሩን ጣቷ ላይ ለቀቅ አድርጋ እንደ ዋዛ ነው የምትሠራው፤ ሥራዋን ስትነኩት እጃችሁ ላይ ተኛ ይላል። ሁለቱ እንዲገጥሙ ብላ እሷ ከኔ አንድ ዚግዛግ ቀንሳ ጀመረች። "ያንቺን ጠባይ ከማስተካከል የኔን መቀነስ ይቀላል" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ዒዱ ሲቃረብ አባቴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፌስታሉን ጭኔ ላይ ጣል አደረገና "እህትሽ እጇ ተሻሻለ! እይ እስቲ፣ እንዴት ጠበቅ ብሎ እንዳማረ" አለኝ። አወጣሁት። እስከ ክርኑ ድረስ የሷ ነው። ከዚያ በላይ ኪሮሼን ላስገባ ብል አልገባም አለኝ፣ ክሩ ሊበጠስ እስኪደርስ ተስቧል። አንዱ ጎድጓዳ ላይ መዝለል ረስታለች፣ ከላዩ ደግሞ ያለቦታው ዘላለች፤ እህቴ፣ ያቺ ተኝታ እንኳ የማትሳሳት! 

"ይሄ የሷ አይደለም" አልኩ።

"ታዲያ የኔ ነው?" አለ አባቴ።

ደወልኩላት። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።" ባልሽስ? "ሥራ ሊፈልግ ወጥቷል፣ ደህና ነው።" ሁሉም ደህና ነው። ወዲያው ደግሞ "በይ ዝጊ፣ መስመሩን አትያዢብኝ" አለችኝ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ብላኝ የማታውቀውን። እናቴን ቀረብ ብዬ እህቴ ምን እንደሆነች ብጠይቃት "አዲስ ጎጆ ላይ ናት፣ አትነዝንዣት" ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። ስለ ሹራቡ አውጥቼ እንዳልነግራት ደግሞ ለሷ የተደበቀ ስጦታ ነው። ያን ቀን ቤቱን ስዞር ዋልኩ። እህቴ አንድ ነገር ሆናለች፤ ሰው ሁሉ ግን በድምጿ ይታለላል።

በማግስቱ አባቴ ሞተር ሳያስነሳ ጋቢና ዘልዬ ገባሁ። "ትምህርትሽስ?" አለ። "ቅዳሜ ነው አባ!" አልኩት። ሐረጎ ላይ ጆሮዬ ድፍን፣ ክፍት ይላል፤ ጉሙ ከኋላ ቀረ፣ በመስኮቱ የሚገባው አየር ለብ አለ፣ ካፖርቴን አወለቅኩ፣ መልሼ ለበስኩ፣ አወለቅኩ። እግሬ ወለሉን ሲደበድብ አባቴ "ፍሬኑ በኔ በኩል ነው" አለኝ። ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ፌስታሉን ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር።

እህቴ በሩን ስትከፍት ፈገግ አለች። ፊቷ ከስቷል። ቤቱ ጥርግ ብሎ ጸድቷል፣ ግን የምግብ ሽታ የለውም። ስልኩን በእጇ እንደያዘች አቀፈችኝ፣ እንደያዘች ውሃ ቀዳችልኝ። ስትቀመጥ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ፌስታሉን ዘረገፍኩት። "ይሄን ማን ሠራው?"

"እኔ ነኛ።"

"አንቺ አይደለሽም።"

እጅጌውን አጣጠፈችው። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ "ወላሂ ብያለሁ" አለችኝ። "አልናገርም ብዬ ምዬለታለሁ።"

እኛ ቤት ወላሂ ከተባለ ነገሩ አለቀ። ትንሽ ሳለን ለጨዋታ እንኳ ብንለው አባቴ ጨዋታውን ያስቆማል። እህቴ ደግሞ ቃሏን ከምታጥፍ ጣቷን ብትቆርጡት ትመርጣለች። አውቃታለሁ። ተነሳሁ፣ በሩ ድረስ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። ድንገት መጣልኝ።

"እሺ፣ አትናገሪ። ኪሮሽሽን ያዢና ሥሪ። የምናገረው እኔ ነኝ። ከተሳሳትኩ ዝም ብለሽ ሥሪ፤ ልክ ከሆንኩ እጅሽን አቁሚ።"

"ይሄስ መናገር አይደለም?"

"አፍሽ ምን አለ? ምንም!"

"አንቺ ሸይጧን" አለች። ግን ኪሮሹን አነሳች።

"ይመታሻል?" እጇ ሠራ። "ሌላ አገባብሽ?" ሠራ፤ ከንፈሯ ትንሽ ሸሸት አለ፣ ደግሞ እሱን ማን ታገባዋለች ያለች ይመስለኛል። "ታሟል? ታስሯል?" ሠራ። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ቢጫው ክር ላይ አርፏል፣ ኪሮሹ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ይሰማል። ሁልጊዜ የሚሰቀልበት ሚስማር ላይ የባሏ ጃኬት የለም። ሥራ ፈትቶ ከርሞ እንደነበር ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

"ሄዷል?"

እጇ ቆመ።

"አረብ አገር?" እንደቆመ ነው። "በአውሮፕላን?" አንድ ቀዳዳ ሠራች። "በባሕር?" ቆመች። ደላላ፣ በረሃ፣ ጀልባ፣ ያ ሁሉ የሚወራው ነገር ዓይኔ ላይ መጣ። ያ ረቢ! ስደርስ እደውላለሁ፣ እስክደውል ለማንም አትንገሪ ብሎ አስምሏት እንደሆነ ገባኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ።  እንደምንም አወጣሁት።

"ደወለልሽ?"

እህቴ ሥራዋን ቀጠለች። እስከ ዳሩ ሠራች፣ አዙራ ሌላውን ጀመረች፣ ክሩን እንዲያ አጥብቃ እየሳበች። እንባዋ ክሩ ላይ ሲወርድ እንኳ አላቆመችም። ጉልበቷን በእጄ ጫን አደረግኩ። 

እሷ ምላለች እንጂ እኔ አልማልኩም። በነጠላ ጫማ መናኸሪያ ድረስ ሮጥኩ። አባቴ ተራው ደርሶ መኪናው ሞልቷል። ነገርኩት። ፊቱን በመዳፉ አንዴ ጠረገ፣ ለተሳፋሪዎቹ "አንድ ሰው መንገድ ላይ እንጭናለን፣ አፉ በሉኝ" አላቸውና መኪናውን ወደ እህቴ ቤት ነዳው። በሩ ላይ ቆሞ አንድም ነገር አልጠየቃትም።

"ልጄ፣ ጋቢና ቦታ አለሽ" አላት።

"ሲመለስ ቤቱን ተዘግቶ ቢያገኘውስ አባ?"

"ቁልፉን ለጎረቤት ስጪ። ስልኩ ካንቺ ጋር ነው።"

"ተራራው ላይ ኔትወርክ ይጠፋል።"

አባቴ የጋቢናውን በር ከፈተላት። "ከጠፋ እናቆማለን" አላት።

ለማባበል ያለው መስሎኝ ነበር። ሐረጎ አጋማሽ ላይ፣ ጉሙ ሊቀበለን ሲጀምር፣ እህቴ ስልኩን አየችና "ጠፋ" አለች። አባቴ መኪናውን ዳር አስያዘ፣ ኔትወርኩ እስኪመለስ ድረስ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሄደና ቆመ። ተሳፋሪው መንጫጫት ጀመረ። "ሹፌር፣ ምነው? ገበያው ሊያመልጠን ነው እኮ! አቦ ንዳ!" አባቴ ወደ ኋላ ዞረ።

"የልጄ ባል በባሕር ሄዷል። ስልኩን እየጠበቀች ነው። ከዚህ በላይ ኔትወርክ የለም። ትንሽ ታገሱኝ።"

 ወሎ ውስጥ በዚያ መንገድ ሰው ያልሄደበት ቤት የት አለ? ንዳ ሲል የነበረው ጎረምሳ አንገቱን ደፋ። ከኋላ አንዲት እናት መዳፋቸውን ዘርግተው "አላህ ድምጡን ያሰማሽ ልጄ፣ የኔንም ያሰማኝ" አሉ። ሁሉም አሚን አለ። ማንም ሰዓት አላየም። ጉሙ በመስታወቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ከባድ መኪኖች እያቃሰቱ ያልፉናል። አሁን እህቴ እጅ ውስጥ ክር አልነበረም።

ስልኩ ጮኸ።

 አባቴ መሪውን ጨበጠ። እህቴ ስክሪኑን አየችና ዓይኗን ጨፈነች።

እናታችን ነበረች። ድምጿ ጋቢናው ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል። "ምን እንደሆነ እንጃ፣ ዛሬ ነገር አላስቀምጠኝ አለ። ገበያውን ትቼ ገባሁ። አንቺ የምትወጂውን ሽሮ ሠርቼ ደግሞ አንቺ የለሽም። ደህና ነሽ ልጄ?"

እህቴ ደህና ነኝ አላለችም። "አቆዪልኝ እማ" አለች። "እየመጣሁ ነው።" ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እያያት ተንሰቀሰቀች።

ስታበቃ ፊቷን በሻርፕዋ ጠረገችና "አባ፣ በቃ ሂድ" አለችው። አባቴ አያት። "ሂድ" አለችው ደግማ። ነዳ። ስልኩ ላይ ያሉት የኔትወርክ መስመሮች አንድ በአንድ ሲጠፉ አየኋቸው፤ እሷ ውጭ ውጭውን እያየች ነበር።

ቤት ስንደርስ እናቴ አንድ ቃል ሳትጠይቅ አጎረሰቻት። ከበላች በኋላ የድሮው አልጋችን ላይ ተጋደመች። ዓይኗ ሳይከደን ስልኩን በእጄ አስያዘችኝና "ከደወለ ቀስቅሺኝ" አለችኝ።

"እሺ እታለም" አልኳት።

እስኪመሽ ተኛች። ስልኩ አንዴም አልጮኸም፤ አልቀሰቀስኳትም።