ሠላሳ ቆርቆሮ በአራተኛ ፎቅ

አክስቴ ስሟን የምትጽፈው ቀስ ብላ ነው። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ገብታ የተማረችውን ፊደል፣ እስክሪብቶውን ጨምድዳ ይዛ፣ አንድ በአንድ እስከ አያቷ ስም ድረስ ትጽፈዋለች። ባንክ ቤት ስትፈርም ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይቁነጠነጣል። "አውራ ጣት ይበቃል" ሲሏት ደግሞ ትቆጣለች።

ጦርነቱ ቤቷን ካቃጠለባት በኋላ የካ አባዶ እኔ ዘንድ መጣች። ኮንዶሚኒየሜ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ነው፤ ሶፋው ላይ እግሯ ተርፎ እየተንጠለጠለ ከረመች። ስለ ሶፋው አንድም ቀን አላማረረችም። ግድግዳው አለ፣ የጠፋው ጣሪያው ነው፣ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ ባገኝ አገሬ እገባለሁ ትላለች፤ ሌላ ወሬ የላትም።

ቆርቆሮው ደግሞ አለ ተብሏል። ለተፈናቃዮች መርጃ ከየመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ ተቆርጧል፤ ከእኔም ጭምር። ቦሌ ለዚሁ ሥራ የተከፈተ ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ሲጠራ ሁለት ታክሲ ይዘን ሄድን። ኃላፊው ስለ መልሶ ማቋቋም ረጅም ንግግር አደረገ፤ የታሸገ ውሃ ታደለ፤ ከዚያ አንድ ወረቀት በየወንበሩ ዞረ። "ለመገኘታችሁ ብቻ ነው፣ ፈርሙ" ተባልን። ወረቀቱ ርእስ አልነበረውም። በስተቀኝ ባዶ ሰንጠረዥ ነበረው፣ አይቼዋለሁ። አይቼው ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ስብሰባ ላይ ወረቀት ሲዞር ሳናነብ መፈረም የለመደብን ሰዎች ነን። አክስቴ ሙሉ ስሟን ጻፈች።

ሁለት ወር ጠበቅን። በደወልኩ ቁጥር "በሂደት ላይ ነው" ይሉኛል። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ከሥራ ፈቃድ ጠየቅኩና ይዣት ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ፤ ብዙዎቹን ከስብሰባው አውቃቸዋለሁ። ኃላፊው ፋይል አወጣና ገልጦ አሳየን።

"እማማ፣ እርስዎ እኮ ወስደዋል። ይኸው ፈርመዋል።"

ያው ወረቀት ነው። ከላይ "እርዳታ የተረከቡ" የሚል ርእስ ተጨምሮበታል። ከአክስቴ ስም ትይዩ፣ በሌላ ሰው የእጅ ጽሕፈት፣ ሠላሳ ቆርቆሮና ሁለት ብርድ ልብስ ተሞልቷል።

ደሜ ፈላ። "ሠላሳ ቆርቆሮ አራተኛ ፎቅ ላይ የት አስቀምጬው ነው? ሶፋ ሥር?" አልኩት። ኮሪደሩ እንዳይሰማ በሩን ሊዘጋ ተነሳ። እግሬን በሩ ላይ አስገባሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ከቤት የወጣሁት ለጠብ ተዘጋጅቼ ነው።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስህተት ሊኖር ይችላል፣ ነገሩን አናካብደው። የእማማን ቆርቆሮ በዚህ ሳምንት አስጭንላችኋለሁ።"

እዚህ ላይ አልዋሽም፣ ልቀበል ነበር። ክረምቱ ደርሷል፣ የሷም ጣሪያ ክፍት ነው። እሺ በይ ለማለት ጎኗን በክርኔ ነካ አደረግኳት። እሷ ግን ፋይሉን ከጠረጴዛው አንስታ መነጽሯን እየፈለገች ነበር።

"የእኔን ብቻ?" አለችው።

"እማማ፣ ይሄ የቢሮ ሰነድ ነው፣ ይመልሱልኝ።"

"ስሜ ያለበት ነው ልጄ። ላንብበው።"

በሩ ላይ ቆመችና ከመጀመሪያው ስም ጀመረች። የምታነበው እንደምትጽፈው ነው፣ ፊደል በፊደል። ስሙን ትጠራለች፣ ወሰደ የተባለውን ትናገራለች፣ ቀና ብላ ትጠብቃለች። "አለሁ። ምንም አልወሰድኩም" አሉ አንድ ሽማግሌ ከግድግዳው ሥር። ቀጥላ ሕፃን ያዘለች ሴት እንደዚያው አለች። ከሌሎች ቢሮዎች ሰዎች አንገታቸውን ብቅ አደረጉ፤ አንዷ ሠራተኛ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። ፈጣን አንባቢ ብትሆን በአምስት ደቂቃ ባለቀ፤ እሷ ግን ምሳ ሰዓት ደርሶም ሁለተኛው ገጽ ላይ ናት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም።

"እማማ፣ ይሄ እኮ ስብሰባ አይደለም" አለ ኃላፊው፣ ግንባሩን እየጠረገ።

ጣቷን ከደረሰችበት ስም ላይ ሳታነሳ አየችው።

"ለመገኘታችሁ ፈርሙ አላልከንም? ይኸው ተገኝተናል" አለችና ቀጣዩን ስም ጠራች።