የጋሽ ዝግታ ፈጣን መኪና

ጋሽ ዝግታ የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በሥራው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ኬክ ቤት ኬክ ሲያመላልስ ኖሯል። የሠርግ ኬክ የጫነ ሾፌር ፍሬን በድንገት አይረግጥም፤ ከሩቅ አይቶ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል እንጂ። ጉድጓድ ሲገጥመው ጎማውን ቀስ አድርጎ ያወርዳል፣ ቀስ አድርጎ ያወጣል። ከኋላው ያሉት ጡሩንባ እየነፉ ሲያልፉት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። በእሱ እጅ አንዲት የክሬም አበባ እንኳ ተጋድማ አታውቅም።

ታዲያ ይህ ሰው ባለ ቱርቦ የስፖርት መኪና ገዝቶ ግቢው ሲያስገባ ጎረቤቱ ሁሉ እጁን በአፉ ጫነ። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ቀይ ቀለሟ ጣሪያዋ ላይ ደብዝዟል። ሞተሯ ሮታሪ የሚሉት ዓይነት ነው። ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ፒስተን የለውም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ውስጥ ለውስጥ ይሽከረከራል። ለምን እንደወደዳት ሲጠየቅ፣ ድምፅዋ የሚስቱን የስፌት ማሽን ስለሚመስል ነው ይል ነበር።

ሚስቱ ግን በዚህ ምስጋና አልተደለለችም። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ሰፍታ፣ አጥባ፣ ተኩሳ ነው የምታስረክበው። መኪናዋ የቆመችው ደግሞ በትክክል የማስጫ ገመዱ ሥር ነው። ብዙ ከተነታረኩ በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ። ከከተማው ውጭ አውሮፕላን ማረፍ ያቆመበት አሮጌ ሜዳ አለ፤ መኪና ወዳዶች እሑድ እሑድ እዚያ ይነዳሉ። መኪናዋ እሑድ ሄዳ በገዛ ጎማዋ ከተመለሰች ትኖራለች። ተጎትታ ከመጣች ትሸጣለች።

የሚስቱ ወንድም የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ ቀልድ ካልተናገረ ምግብ የማይፈጭለት ሰው። በመጀመሪያ የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ አውጥቶ ሰፊ ቱቦ መግጠም ነው፣ ያኔ ድምፅዋም ጉልበቷም ይለያል ብሎ ወተወተው። ጋሽ ዝግታ አልሰማውም። መተንፈሻዋ ብቻውን ከተከፈተ ለሞተሩ አየር የሚነፋው ቱርቦ ከልኩ በላይ ይነፋል፤ ነዳጁ አይደርስላትም፤ በጣም ትግላለች፤ የባለ ሦስት ማዕዘኑ ብረት የጥግ ማሸጊያዎችም ይሰበራሉ። ስለዚህ ከጓዳዋ ጀመረ። የደረቁትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ ቀየረ። ትልቅ ራዲያተር ገጠመላት። ከመሪው አጠገብ ሁለት ጌጅ አስቀመጠ፤ አንዱ የቱርቦውን ግፊት፣ አንዱ የውሃውን ሙቀት የሚያሳይ። ከዚያ በኋላ ነው ለማርሚታው እጁን የዘረጋው፤ እሱንም ቢሆን በመጠኑ የሚከፍተውን መረጠ። መካኒኩ ጌጆቹን ጎንበስ ብሎ አየና "ጋሼ፣ መኪና ነው የምትሠራው ወይስ ታማሚ ነው የምታስታምመው?" አለው።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ዝግታ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። መካኒኩ አንድ ጥቅል የመጎተቻ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ በሩ ላይ ቆሟል፤ ለሐዘኑ ነው የመጣሁት ይላል። ሚስቱ የሆቴል ነጭ መጋረጃ እያሰጣች ነው፤ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ነክሳለች። ጋሽ ዝግታ ቁልፉን አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ ጮኸ፣ ሞተሩ ግን አልተነሣም። ደገመ። ያው ነው።

መካኒኩ ገመዱን መፍታት ጀመረ።

ጋሽ ዝግታ ሊወርድ ሲል ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ወንበሩ ወደ ፊት ተስቧል። መስታወቱም ለአጭር ሰው እንዲሆን ዝቅ ብሏል። ማን እንደነዳት ወዲያው ገባው። ወንበሩን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መለሰና ወረደ።

ሚስቱ ይህን አየች። ዝም ብትል ግቢው የእሷ ነበር። መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች።

"እኔ ነኝ ትናንት ማታ ፈቀቅ ያደረግኋት" አለች። "መጋረጃው ጣሪያዋ ላይ ሲንጠባጠብ ጊዜ፣ አጥበህ ወልውለሃታል፣ አሳዘነኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ቤንዚን እንዳትፈጅብህ ወዲያው አጠፋኋት።"

ጋሽ ዝግታ ኮፈኑን ተደግፎ ከልቡ ሳቀ። የሮታሪ ሞተር ቀዝቅዞ እያለ ተነሥቶ ሳይሞቅ ከጠፋ ቤንዚኑ ውስጥ ይቀርና እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ያረጥባቸዋል። ሌላ መኪና ቢሆን ቁጠባዋ ያስመሰግናት ነበር። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቀለ፣ ካንዴላዎቹን ፈታ፣ ውስጥ ያደረው ቤንዚን እንዲወጣ ሞተሩን ባዶውን አዞረው። እሷም የመጋረጃ ቅዳጅ አምጥታ ከአጠገቡ ቁጢጥ አለችና ካንዴላዎቹን እንደ ብር ማንኪያ ወለወለቻቸው።

መልሰው ገጠሙና ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ አንድ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች። ከዚያ ተነሣች። ነጭ ጭሱ ግቢውን ሞላው፤ መካኒኩ ጠፋ፣ አጥሩ ጠፋ፣ የሆቴሉ መጋረጃ ሳይቀር ጠፋ። ከጭሱ ውስጥ የመካኒኩ ሳል ብቻ ይሰማ ነበር።

"መጋረጃዬን" አለች ሚስቱ። ቀጥላ ግን ሳቋ አመለጣት፤ መሐረቧን አስተካክላ ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጋሽ ዝግታ ልማዱ አለቀቀውም። ሌሎቹ እየተወነጨፉ ሲያልፉት እሱ መታጠፊያውን በሠርግ ኬክ አነዳድ ዞረ። ሚስቱ ታገሠች፣ ታገሠች፣ በመጨረሻ ዞር ብላ አየችው።

"ኬክ ጭነሃል እንዴ?"

እግሩን ጫን አደረገ። የግፊቱ ጌጅ ጠቋሚ ከፍ አለ፤ ቱርቦው አፏጨ፤ ሁለቱም ከወንበራቸው ጋር ተጣበቁ። የሙቀቱ ጠቋሚ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ዝግታ ፊቱ በርቶ ነበር። ሜዳው ሲያልቅ ቀስ አድርጎ አቆመ፤ እሷ የበሩን እጀታ እንደጨበጠች፣ አንዴ ድገመው አለችው። ደገመው። እሷም ሌላ አንዴ አለች።

ሲመለሱ መካኒኩ በሩ ላይ ገመዱን ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። መኪናዋ በገዛ ጎማዋ ገብታ ከቦታዋ ቆመች። ሚስቱ ወረደችና ገመዱን ከወንድሟ እጅ ተቀብላ ርዝመቱን በክንዷ ለካች።

"ይሄ የቤቱ ጣሪያ ላይ ከዳር ዳር ይደርሳል" አለች። "ከእንግዲህ መጋረጃ የማሰጣው እዚያ ነው፤ ውጣና እሰርልኝ።"

መካኒኩ እያጉረመረመ መሰላሉን ያዘ። ጋሽ ዝግታም የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸቱትን መጋረጃዎች ከእሷ ጋር እንደገና ማጠብ ጀመረ።