«አገናኝ» የሚለው ቁልፍ

ስልክ ጠጋኙ ወንበር ቢሰጣትም ሴትየዋ አልተቀመጠችም። ሻርፗን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ መርፌ በበሳሳቸው ጣቶቿ ስልኩን እንደ ፍም ይዛዋለች። በቅጽል ስም የከፈተችው፣ የሰፋችውን የልጆች ልብስ የምትሸጥበት ገጽ አላት። ትናንት ደንበኛ የሚያበዛላት መስሏት ገጹን በእውነተኛ ስሟ ከተከፈተው ከድሮው አካውንቷ ጋር አያያዘችው። ወዲያው ገጹ «ይህችን ሰው ያውቋት ይሆናል» ተብሎ ለድሮ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ታየ።

«‹አገናኝ› የሚለውን ነካሁት፣ ወንድሜ።»

«አገናኝማ ደግ ነው! ምነው እኔንም ከአንዲት ጋር ባገናኘኝ!»

አልሳቀችም። ስልኩን አቀበለችው። ከሸሸችው ሦስት ዓመት የሆነው ባሏ ከአንዲት ቀሚስ ፎቶ ሥር ጽፏል፦ «ስፌትሽን የትም ባየው አውቀዋለሁ። ቀሚሱን የሰቀልሽበት ሰማያዊ በር የት ነው ያለው?»

የጠጋኙ ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ። አካውንቶቹን ለያየ፤ ፎቶውን አጠፋ፤ ሰውየውን አገደ።

«በቃ እህቴ፣ ከእንግዲህ አያይሽም።»

«አንዴ አይቶታል እኮ» አለች በሹክሹክታ። ቀጥላም ጠየቀችው፦ «እዚህ ሠፈር የበር ቀለም የሚሸጠው የት ነው?»