በሰይድ ላይ ያላከክሁት ትምባሆ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ሚስቴም ሳታውቀው ሞተች። ለአንተ ለማላውቅህ የምነግርህ ምናልባት ፊትህን ስለማላየው ይሆናል።

ደብረ ብርሃን ሱቅ ነበረኝ። ሰይድ ከአንኮበር በታች ካለው ቆላ በርበሬ እያመጣ የሚያስረክበኝ ወዳጄ ነበር። ሲመጣ እኔ ቤት ነው የሚያድረው፤ ሥጋ ስለማያገናኘን ሚስቴ ሽሮውን ለብቻ ትሠራለት ነበር።

አንድ ዓመት የመንግሥት በጀት ሲወጣ በትምባሆ ላይ ቀረጥ መጨመሩን በራዲዮ ሰማን። ሲጃራ ተወደደ፤ ደንበኞቼ ራቁኝ። እኔም ቀረጥ ያልተከፈለበት የቆላ ትምባሆ ቅጠል ከሌላ ነጋዴ ገዝቼ በጆንያ ጓዳ ደበቅሁ። ሰይድ ሽታው ነግሮት፣ «ተው ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ያሳስርሃል» አለኝ። ሳቅሁበት።

ቀረጥ የሚቆጣጠሩት ፊናንሶች ድንገት ሲመጡ ሰይድ ደጅ አህያውን ይጭናል። ጆንያውን ጎትተው አወጡት።

«የማን ነው?» አለኝ አለቃቸው።

ማን አስገደደኝ? ዱላ ተነሣብኝ? እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ፣ «የዚያ የቆላው ሰው ነው፤ አስቀምጥልኝ ብሎኝ ነው» ያልሁት።

ሰይድ እነሱን አላያቸውም። እኔን አየኝ። «የኔ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልሁት። ልመልሰው እችል ነበር፤ ደገምሁት እንጂ። ፍርድ ቤትም ቀርቤ፣ ምዬ፣ ያንኑ መሰከርሁ።

ሰይድ በታሰረበት እስር ቤት የተስቦ በሽታ ገብቶ ነበር። በእግሩ አልወጣም።

ሚስቱ ዘሃራ ልትጠይቀው ከቆላ ስትወጣ ከተቀበረ በኋላ ደረሰች። ሌላ የምታውቀው ሰው ስላልነበራት በቀጥታ እኔ ቤት መጣች። «ማነው እንዲህ ያደረገብን?» አለችኝ። «ቀረጡ ነው፤ መንግሥት ነው» አልኋት። «አላህ ይስጥህ፣ አንተ እንኳ አጠገቡ ነበርህ» ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። አልከለከልኋትም። ይህን ሁሉ ሠርቼ፣ ጉልበቴን አስሜ ሸኘኋት!

ብዙ ዘመን «ያ ቀረጥ ባይጨመር» እያልሁ ራሴን ሳባብል ኖርሁ። ቀረጡን የጨመሩት ሰዎች ሰይድን አያውቁትም። እኔ አውቀው ነበር። ቤቴ አድሯል። ዘሃራም ሞታለች አሉኝ፤ እግሩ ላይ የምወድቅበት ሰው አልቀረልኝም። እግዚአብሔርን እንዳልለምን፣ የማልሁት በእሱ ስም ነው።

አንተም ይፍታህ አትበለኝ።